አምስተኛው ኮምፒውተር

አምስተኛውን ኮምፒውተር የሰበርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ እንዲህ በአንድ መስመር ልጻፈው እንጂ፣ ያኔ በጨርቅ ሸፍኜው፣ አጠገቡ ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ፣ ደህና እንደሆነ ሁሉ ስቀልድበት ከርሜአለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ከአፌ ይቀድማል። እናቴ "ይቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ የብረት ቆብ ይግዛ" ትል ነበር። ያገባኝ የለም፤ የብረት ቆቡ የሚያስፈልገውም ለሌሎች ሆኖ ተገኘ።

ጊዜው ሐርጌሳ ፍርስራሿን እየለቀመች መልሳ የምትገነባበት ነበር። በአንዱ መንገድ ጣሪያው የወረደ፣ ግድግዳው በጥይት የተበሳሳ ቤት ታያለህ፤ ከጎኑ ደግሞ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። እኔ መጀመሪያ ጋአን ሊባህ ሰፈር በአንዲት እናት ቤት ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። አገሬ ኮምፒውተር ተምሬ ዲፕሎማ ይዣለሁ፤ ዲፕሎማውን ግን ወለል ስወለውል ማን ይጠይቀኛል? አንድ ቀን የሴትዮዋ ልጅ ላፕቶፑ እምቢ ብሎት ሲሳደብ ሰማሁና እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አስተካከልኩለት። በሳምንቱ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ወዳለችው ቢሮው ወሰደኝ። አለቃዬ የምለው እሱን ነው።

ቢሮው ከጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ለነጋዴውና ለድርጅቱ ዌብሳይት እንሠራለን። የኔን ሥራ ግን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ይቸግረኝ ነበር። ኢንተርኔቱን የሚከፍትልን ፕሮግራም፣ ብሮውዘር የሚሉት፣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንድ ደብዳቤ ለአምስት ሰው ብታስነብብ አንዱ ይንተባተባል፣ አንዱ መስመር ይዘላል፣ አንዱ ያላነበበውን አነበብኩ ይላል። ብሮውዘሮችም እንደዚያው ናቸው። አንዱ ላይ ያማረ ገጽ ሌላው ላይ ይዘበራረቃል። ስለዚህ አምስት ኮምፒውተር ተደርድሮ፣ በእያንዳንዱ የተለየ ብሮውዘር ተጭኖ፣ እኔ ከአንደኛው እስከ አምስተኛው እየዞርኩ እያንዳንዱን ቁልፍ እጫናለሁ፣ እያንዳንዱን ሳጥን እሞላለሁ። የተበላሸውን እጽፋለሁ፣ የሠራውን ምልክት አደርግበታለሁ።

ስማቸውን አንጠራም፤ በምልክታቸው ነበር የምንጠራቸው። ቀበሮዋ፣ ቀይዋ፣ እንዲህ እንዲያ። አምስተኛው አሮጌው ሰማያዊ ነበር። ያረጀ፣ ግትር፣ አዲስ ነገር የማይገባው። ግን የከተማው ኢንተርኔት ቤቶች በሙሉ ከአንድ ሲዲ የተገለበጠ እሱኑ ነበር የሚጠቀሙት። አለቃዬ "አራቱ ለሀብታም፣ አምስተኛው ለሕዝብ" ይል ነበር።

አለቃዬ የሐርጌሳ ልጅ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወደኛ አገር ተሰዶ፣ በድንኳን አድጎ፣ ጅግጅጋ ተምሮ፣ አማርኛውን እንደ እኛው ያወርደዋል። አንድ ልማድ ነበረው። ሥራውን ጨርሼ ወረቀቱን ስሰጠው አያነበውም። አጥፎ ኪሱ ይከተውና "ማይ" ይለኛል።

"ወረቀቱ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ።"

"ወረቀት ይዋሻል። ስደተኛ ጣቢያ ዱቄት ሲታደል ስንቱ ወረቀት ሲዋሽ አይቻለሁ። ማርያምሽ ግን አትዋሽም፤ በሷ ማይ።"

እሱ ሙስሊም ነው፤ እኔን ግን በራሴ እምነት ነበር የሚያስምለኝ። ገጹን የሚሠራውን ፕሮግራመር ደግሞ "ወላሂ" ያሰኘዋል። መጀመሪያ ሳቅኩበት። ውሎ ሲያድር ግን ያ መሐላ ከወረቀቱ ይበልጥ ጥንቁቅ አደረገኝ። "ማርያምን፣ በአምስቱም አይቻለሁ" ለማለት ስል ያልነካሁት ቁልፍ አልነበረም።

አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የሱ ነውና። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለዋለሁ። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ፣ ወደዚህ አገር ያመጣኝም እሱ ነው። ከከተማው ዳር አያሃ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ግንበኛ ነው፤ ያውም እጀ ወርቅ። የፈረሰ ቤት ድንጋይ እየለቀመ፣ ጥይት የበላውን ፊት ወደ ውስጥ አዙሮ፣ ደህናውን ወደ ውጭ አድርጎ ግድግዳ ያቆማል። አንዳንዴ ከድንጋዩ ስንጥቅ የቦምብ ፍንጣሪ ያወጣና ቤት ያመጣዋል። አንዱን በር ማስደገፊያ አድርገነው ነበር።

ሙያው እንዲህ ሆኖ ሳለ በየማለዳው አደባባይ ቆሞ ነበር የሚቀጠረው። አሠሪ ይመጣል፣ ክንዱን እንደ በግ ይዳብሰዋል፣ ሲያሻው ይወስደዋል። ወገቡ እየታመመ ነው። አንድ ሕልም ብቻ ነበረው፦ አንድ ጊዜ ስሙ በመዝገብ ላይ "ግንበኛ" ተብሎ እንዲጻፍና መታወቂያ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል። ያኔ ማንም አይዳብሰውም፣ ማንም መንገድ ላይ አስቁሞ "ማነህ?" አይለውም።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የሥራ ተቋራጭ ዓመታት የሚፈጅ ትልቅ ግቢ ሊገነባ ነበር። ሰው የሚቀጥረው በግቢው የብረት በር ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን በመቶ የሚቆጠር ሰው ተሰብስቦ፣ ፎርማኑ ወጥቶ በጣቱ "አንተ፣ አንተ" ሲል ሕዝቡ ተናነቀ። ዱላ ተነሳ፣ ድንጋይ ዘነበ። ጋሼ የፊት ጥርሶቹን ሁለቱን በዚያ ቀን አጣ። ከጎኑ የነበረውን ሰው ረግጠውት ጎድኑ ሲሰበር መስማቱን በኋላ ነግሮኛል። አፉን በሻሽ ጠቅልሎ ሲመጣ አንድ ቃል መናገር አቅቶት ጥርሶቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። በንዴት ግድግዳውን መታሁት፤ ቆርቆሮ ስለሆነ ክርኔ ተላጠ።

ከዚያ በኋላ ተቋራጩ "በር ላይ ማንም አይምጣ፣ ምዝገባው በኢንተርኔት ይሁን፣ የተመረጠው ስሙ ይጠራል" አለ። ገጹን እንድንሠራ የታዘዝነው እኛ ነን። ይህን ለጋሼ ስነግረው በጎደለው ጥርሱ ሳቀ።

"ድንጋይ የማይወረወርበት ምዝገባ! ይህንን አንቺ ነሽ የምታዪው?"

"እኔ ነኝ። በአምስቱም።"

"እንግዲያ ተመዝግቤአለሁ በይኛ" አለኝ።

ገጹ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ መከፈት አለበት፤ አለቃዬ ምሳውን ከእናቱ ጋር ሊበላ ሄዷል። ቢሮው ውስጥ እኔና ፕሮግራመሩ ብቻ ነን። ፕሮግራመሩ የድሬዳዋ ሰው ነው፤ ሥራ ያውቃል፣ ግን ስህተቱን ሲያሳዩት እናቱን የሰደቡበት ያህል ይቆጣል። ያን ቀን ደግሞ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ሦስት ስህተት አግኝቼበታለሁ። ሦስቱንም እየተነጫነጨ አስተካከለ። ከታች የጫት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ተነስቶ ጃኬቱን አነሳ።

"አምስተኛው ይቀራል" አልኩት።

"አቦ፣ ዝም ብለሽ ምልክት አድርጊበት! አራቱ ላይ ከሠራ አምስተኛው የት ይሄዳል?"

"ሲያስምለኝ ምን ልበል?"

"ሰው ቤት ወለል ስትወለውዪ ማን ነበር የሚያስምልሽ? ጥፋቱ የሱ ነው፣ አንቺን ከመወልወያ ላይ ያነሳሽ! የቤት ሠራተኛ የኔን ሥራ ልታርም!"

ይህን ብሎ ወረቀቴን ከእጄ ነጥቆ ጨማደደና ፊቴ ላይ ወረወረው። ወረቀት አያምም። እኔን ያመመኝ ቃሉ ነው። እጄ ላይ ወተት ያለው ሻይ የሞላ የብረት ፔርሙስ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም፣ መቼ እንደወረወርኩት ግን አውቃለሁ፤ ጭንቅላቱን አስቤ ነው የወረወርኩት። ቢያገኘው ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር። ጎንበስ አለ። ፔርሙሱ የአምስተኛውን ባለ ትልቅ ሆድ ሞኒተር መሐል ግንባሩን አገኘው።

ፍንዳታው ከታች ያለውን ባለሱቅ አስጮኸው። መስታወቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ወደ ውጭ ተረጨ። ትኩሱ ሻይ በኮምፒውተሩ ቀዳዳ ሁሉ ገባ፤ ጢስ ወጣ፣ ማሽኑ ተንጣጣና ጠፋ። ፕሮግራመሩ ዞሮ በጥፊ መታኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ። እኔም ክንዱን ይዤ ነከስኩት። ጥርሴ አጥንቱ ላይ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር፤ አልለቀቅኩም። በወንበር ጠርዝ ገፍቶኝ ወደቅን፣ በመስታወት ላይ ተንከባለልን። ሲደክመን ተላቀቅን።

ከዚያ እሱ ክንዱን በጃኬቱ እየጠቀለለ "ብትናገሪ እኔም እናገራለሁ። ሁለታችንም እንባረራለን" አለ። እውነቱን ነው። እሱ ሴት መትቷል፣ እኔ የቢሮ ንብረት ሰብሬአለሁ። መጥረጊያ አመጣሁ፤ እሱ ስብርባሪ ለቀመ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኛ ለቅመን ጨርቅ አለበስነው። ሐርጌሳ አቧራዋ አይጣል ነው፤ ኮምፒውተር ሁሉ በማያገለግልበት ሰዓት ጨርቅ ይለብሳል። አንድ ተጨማሪ ጨርቅ ማንንም አይገርምም።

አለቃዬ ሲመለስ ጉንጬን አየ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ጥርሴን አሞኝ።"

"አላህ ያሽርሽ። ገጹስ?"

ወረቀቱን ሰጠሁት። አዲስ ወረቀት ነው፤ በአምስቱም ረድፍ ምልክት አለበት። አጥፎ ኪሱ ከተተ። ፕሮግራመሩን አየው፤ "ወላሂ፣ ጨርሻለሁ" አለ። ቀጥሎ ወደኔ ዞረ።

"ማይ።"

አንድ እውነት ልናገር፤ ያን ጊዜ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። ከቢሮው ወርዶ ኢንተርኔት ቤት ለመድረስ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። "ቆይ አንድ ነገር ልይ" ብዬ ሄጄ ማየት እችል ነበር። አልሄድኩም። ግማሹ ፍርሃት ነው፣ ግማሹ እልህ። ያ ሰውዬ ይስቅብኛል ብዬ ነው።

"ማርያምን፣ በአምስቱም አይቻለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ጋሼን ለማስመዝገብ ወጣን። አለቃዬ "ከቢሮ ማንም ዘመዱን አይመዘግብም፣ ነገ ለጎሳው አደላ ይሉኛል" ብሎ ከልክሏል። ስለዚህ ጋሼ ግድግዳ ይሠራ ከነበረበት ከጋአን ሊባህ ኢንተርኔት ቤት ገባን። ወሎዬ፣ ጎጃሜ፣ ሶማሌ የቀን ሠራተኛ ሁሉ እጁ ላይ ሲሚንቶ እንደደረቀ ተሰልፏል። ተራችን ደረሰና ስክሪኑን አየሁ። አሮጌው ሰማያዊ ነው።

ስሙን ጻፍኩ። ሙያ በሚለው ላይ "ግንበኛ" ብዬ ስጽፍ ጋሼ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። "ላክ" የሚለውን ተጫንኩ። ገጹ ወዲያው በአረንጓዴ ፊደል አመሰገነን። ጋሼ በሲሚንቶ እጁ ስክሪኑን ዳሰሰው፤ "አመሰገነችኝ እኮ!" አለ። እኔም ተነፈስኩ። ሥራዬ ግን ይህንኑ ነበር ያስተማረኝ፦ ገጹ ስላመሰገነ እንዳታምኚው፣ ከወዲያ መድረሱን እዪ። አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስም ይጠራል ተባለ። ጋሼ ሸሚዙን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ሄደ። እኔም ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኩት። በሩ ጋ ሰው ሞልቷል፤ ግን ጸጥ ብሏል፣ ሁሉም ስሙን የላከ ሰው ነውና ይጠብቃል። አንዱ ሰገነት ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ያነባል። ስሞቹ መጡ፣ ሄዱ። የተጠሩት ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ፣ ቤታቸው ወይ ዘመዳቸው ቢሮ ኮምፒውተር ያላቸው ናቸው። ከአያሃ ሰው አንድም አልተጠራም። ሰውየው "አለቀ" አለና ወረቀቱን አጠፈ።

ወዲያው ገባኝ። ከአሮጌው ሰማያዊ የተላከ አንድም ስም አልደረሰም።

ጋሼ ግን ወደ በሩ ሄደ። ተንሸራታች የብረት በር ነው፤ ገርበብ ብሏል። ዘበኛውን በሚያውቃት ሶማሊኛ "ስሜ አለ፣ ተመዝግቤአለሁ" አለው። ዘበኛው "ስምህ የለም" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ሲብስበት በአማርኛ ጮኸ።

"ማርያምን ተመዝግቤአለሁ! እህቴ ናት ያየችው! በአምስቱም አይታዋለች!"

ጋሼ በሐሰት ምሎ አያውቅም። ዘበኛው አማርኛ አይሰማም። በዱላው ደረቱን ገፋው። ከኋላ ያለው ሕዝብ "እኔስ? እኔስ?" እያለ ተገፋፋ፤ የመጀመሪያው ድንጋይ ከወዴት እንደመጣ አላየሁም። ሁለተኛው በአጠገቤ ያለውን ሰው ጆሮ ይዞት ሄደ። ከዚያ ሁሉም አንድ ሆነ። ዱላ ራስ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ደረቅ ነው፣ አይረሳም። አንድ ሽማግሌ ግንባሩ ተተርትሮ ደሙን በሁለት መዳፉ ይቀበል ነበር፣ መሬት እንዳይነካበት የሚሳሳለት ይመስል። ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ዘበኞቹ በሩን ለመዝጋት አራት ሆነው ገፉት።

ጋሼ በዚያ ሁሉ መሐል ቀኝ እጁን በበሩ መቃን ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። በሩ መጣ። ጮኸ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው፤ አልጮኸም። አፉን ከፍቶ ወደኔ አየ። በሩ ሙሉ በሙሉ አልዘጋ ሲላቸው ዘበኞቹ ምን እንደያዘው ስላላወቁ ደግመው ገፉት።

እኔ ደግሞ እኔው ነኝ። ድንጋይ አነሳሁ። ያ "ስምህ የለም" ያለውን ዘበኛ ግንባሩን አልሜ ወረወርኩ። በዚህ ጊዜ አልሳትኩም። ተቀመጠ፤ ዓይኑ በደም ተሸፈነ። ልጅ እግር ነበር። ያ ሰው ምንም አላጠፋም፤ ስም የለም ያለው ስሙ ስላልነበረ ነው። በዚያ በር ላይ ከነበሩት ሁሉ እውነት የተናገረው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛ ድንጋይ ሳነሳ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሶማሌ ሴትዮ ከኋላ ሻሼን ይዛ ጎተተችኝ። "ሶ ገል! ሶ ገል!" ግቢ ማለቷ ነው፣ ከጆንያ ወደተሠራው ዳሷ አስገብታ ላዬ ላይ ተኛችብኝ። ድንጋዩ ጆንያውን ሲመታ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" ትል ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሐኪሙ የጋሼን ሁለት ጣቶች ቆረጠ፤ ሌባ ጣቱንና የመሐሉን። ሦስተኛው ቀረ ግን አይታጠፍም። መዶሻ ለመያዝ ስንት ጣት እንደሚያስፈልግ ግንበኛ ላልሆነ ሰው ማስረዳት አይቻልም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ማንንም ሳላነጋግር የአምስተኛውን ጨርቅ ገለጥኩት። የመስታወቱ ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ታየ። ፕሮግራመሩ ከወንበሩ ተነሳ፤ እንዲማታ ስጠብቀው መልሶ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የነከስኩት ቦታ ጠባሳ አውጥቷል። ሁሉንም ተናገርኩ። ፔርሙሱን፣ ጥፊውን፣ መሐላውን፣ ኢንተርኔት ቤቱን፣ በሩን።

አለቃዬ ይጮሃል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኪሱን ዳበሰና ያንን የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ከተሰበረው ሞኒተር አጠገብ አስቀመጠው።

"እኔ አንቺን አላመንኩም ነበር" አለ። "ማርያምሽን ነው ያመንኩት። አንቺን ባምን ኖሮ አሁን አንቺን እረግም ነበር። አሁን ማንን ልርገም?"

ወደ ፕሮግራመሩ ዞሮ "አንተስ?" አለው። ፕሮግራመሩ ጃኬቱን አነሳ።

ሁለቱ ወደ ኢንተርኔት ቤት ወረዱ። ጥፋቱ የተገኘው ወዲያው ነው፤ አሮጌው ሰማያዊ ሊያነባት ያልቻለ አንዲት መስመር ነበረች። ገጹ መጀመሪያ ያመሰግናል፣ ቀጥሎ ይልካል። አሮጌው ምስጋናውን አድርሶ መላኩ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ለማስተካከል አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ያህል እንኳ አልፈጀም። አለቃዬ ራሱ ተቋራጩ ዘንድ ሄዶ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ፤ ምዝገባው እንደገና ተከፈተ። እኔን "ከዛሬ ጀምሮ አትምጪ" አለኝ። ፕሮግራመሩንም አሰናበተው። አልተከራከርኩም።

ለጋሼ ግን አልነገርኩትም። ቁጡ ሰው ፈሪ አይሆንም ይላሉ፤ ሐሰት ነው። ቀን በቀን ፋሻውን እቀይርለታለሁ፣ አጎርሰዋለሁ። እሱ ዘበኞቹን ይረግም ነበር፤ "ቦታውን ለዘመዶቻቸው ሰጡት" ይላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? አንድ እሑድ ከምሳ በፊት ጎረቤታችን፣ እንደሱው ግንበኛ የሆነ የወሎ ሰው፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ። እንደገና ተመዝግቦ ተጠርቷል። በሩ ላይ ድንጋይ አልተወረወረም፣ ሁሉም በሰላም ገባ አለ። ጋሼ መታወቂያውን በግራ እጁ ይዞ "ግንበኛ" የሚለውን ፊደል በፊደል አነበበና "እንኳን ደስ ያለህ" ብሎ መለሰለት። ጎረቤታችን ሲሄድ ጋሼ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ።

"እንግዲያ ዘመድ አይደለም ማለት ነው" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ቀን ስክሪኑን በሲሚንቶ እጄ ነካሁት አይደል? እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አንቺማ በአምስቱም አይተሽዋል፤ ለሁሉም እየነገርኩ ነው፣ እህቴ በአምስቱም አይታዋለች እያልኩ።"

ሌላ ነገር ሁሉ እችል ነበር። ይህንን አልቻልኩም።

"አራቱን ነው ያየሁት" አልኩት። "አምስተኛውን ተናድጄ ሰብሬው ነበር። ሳላይ ነው የማልኩት። ኢንተርኔት ቤቱም ገብተን ሳለ ጠርጥሬአለሁ፣ ዝም አልኩ።"

አልገባውም። ወይም እንዲገባው አልፈለገም።

"ማርያምን በይ" አለኝ።

"ማርያምን።"

መታኝ። በሕይወቱ ሙሉ አንድ ቀን መትቶኝ አያውቅም፤ አባት ሆኖ ሲያሳድገኝ እንኳ። ቀኙ ፋሻ ውስጥ ስለሆነ በግራው ነው የመታኝ፣ ግራው ደግሞ መምታት አያውቅም። ጉንጬን ስቶ ጆሮዬና አንገቴ መሐል አረፈ። አላመመኝም። ምነው ባመመኝ። ድንጋይ በአንድ ምት ለሁለት የሚከፍል ሰው እኔን መምታት አቃተው፤ እሱን ሳይ ጮኼ አለቀስኩ።

"ድገመኝ" አልኩት። "ጋሼ፣ ድገመኝ።"

የመታበትን እጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው። ከፊቱ ጎረቤታችን ያመጣው ድፎ ዳቦ፣ የመታወቂያው ደስታ፣ ሳይነካ ተቀምጧል።

"ተይው" አለ። "ይልቅ ዳቦውን ቁረሽልኝ። በግራዬ አልለመድኩም።"